ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሲመዘን

የጎቲክ ቤተ ክርስቲያን የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚሳበው በባለ ቀለሙ መስታወት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ግድግዳውንና ጣሪያውን እዩ እላለሁ። ለዚህም በፊላደልፊያ የሰፈር ኤጲስቆጳል ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ከተሠራው ከሴንት ጄምስ ዘ ሌስ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

የተሠራው ከ1846 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ነው። ሮበርት ራልስተን የተባለ ነጋዴ ንድፍ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ጻፈ፤ የተላከለትም በካምብሪጅሻየር፣ ሎንግስታንተን የሚገኘው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ነበር። ሥራውን ጆን ካርቨር መራው። ቅጂ ነው ብሎ ማቃለል አይገባም። በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ግንበኞች ጎቲክን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሥዕል ስለነበር፣ በተራ አዳራሽ ላይ ሹል መስኮት አውጥተው ቀጭኑን ግድግዳ በልስን ድንጋይ ያስመስሉት ነበር። እዚህ ግን ድንጋዩ ራሱ ቤቱን ተሸክሟል። ወደ ጠባቦቹ መስኮቶች ጠጋ ብላችሁ የግድግዳውን ውፍረት ተመልከቱ፤ የሥራው እውነት እዚያ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ ራቅ ብላችሁ በጎን በኩል ቁሙ። ግድግዳው ዝቅ ያለ ነው፤ ጣሪያው ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሕንፃው ትንሽ ሆኖ ሳለ ግርማ ያገኘው ከዚህ ነው። የመሠዊያው ክፍል ከምእመናኑ አዳራሽ ጠበብና ዝቅ ብሎ የራሱ ጣሪያ አለው። ቅኔ ማኅሌትን፣ ቅድስትንና መቅደስን ለይቶ ያደገ አንባቢ፣ የውስጡን ሥርዓት ከውጭ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል። ለቤተ ክርስቲያኑ ደወሎችም ሲጀመር የተለየ ግንብ አልተሠራላቸውም፤ የምዕራቡ ግድግዳ ራሱ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ይይዛቸዋል።

በግቢው ውስጥ ግን ዋናሜከር የተባለ የከተማው የነጋዴ ቤተሰብ ቆይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው የደወልና የመቃብር ግንብ አለ። ጥርቡ ጥሩ ነው፤ ለትንሿ ቤተ ክርስቲያን ግን ከልክ በላይ ይገዝፋል።

በመጨረሻ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ማያያዣ መርምሩ። የድሮ ግንብ የሚታደሰው በኖራ ነው። ሲሚንቶ እርጥበትን ያፍናል፤ ውሎ አድሮም ድንጋዩን ያስፈረፍረዋል። በአሜሪካ አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ገዝታችሁ የምትገለገሉ ምእመናን፣ አደራ፣ ለእድሳት ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ።