ጥበቡ የሚገጥምበት ስፌት

የሐበሻ ቀሚስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው። ቀለሙን ይመርጣል፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያየዋል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። እኔ ቀሚስ ሲሰጡኝ ገልብጬ የጎኑን ስፌት ነው የማየው፤ የዲዛይነር እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ሰሞኑን ለሰርግ የተሠራ አንድ ቀሚስ እንዲህ ገልብጬ ሳየው ቆየሁ። ከታች ጥበቡ አንድ ስንዝር ያህል ቁመት አለው፤ አረንጓዴና ወርቃማ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ የአልማዝ ቅርፅ። በእጅ የሚሠራ ሸማ ወርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም፤ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀብል ሸማኔ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቀሚስ ከበርካታ ቁራጭ ይገጠማል፣ በየመጋጠሚያው ጥበቡ ይቋረጣል። እዚህኛው ላይ ግን መጋጠሚያውን ለማግኘት በጣቴ መዳበስ ነበረብኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ በሁለቱም ጠርዝ ግማሽ አልማዝ ይዞ፣ ስፌቱ የሚበላው ጥቂት ክር ከግማሹ አልፎ ተትቶለት ነው የተሸመነው። ሁለቱ ግማሾች ሲሰፉ አንድ ሙሉ ሆነዋል።

ይህ ሁሉ መቀስ ከመነሳቱ፣ ድሩ እንኳ ከመወጠሩ በፊት ታስቦ ያለቀ ነገር ነው። ከሱቅ ጨርቅ ገዝቶ የሚሠራ ዲዛይነር እየቆረጠ ያስተካክላል። በሸማ የሚሠራ ግን ወገቡንም፣ ቁመቱንም፣ የስፌቱን ትርፍም አስልቶ ጨርሶ ነው ሽሮ ሜዳ ሸማኔው ዘንድ የሚሄደው። ጥበቡ ከማጉ ጋር አብሮ የሚገባ ስለሆነ፣ አንዴ ከተሸመነ በኋላ ትንሽ ከፍ ይበል ቢባል አይሆንም።

ደግሞ የሰው እጅ ነው። ሸማኔው ጠዋት ማጉን ጠበቅ አድርጎ ይመታል፣ ሲደክመው ያላላል፤ የአንድ ሰው ሁለት ቁራጮች እንኳ የጥበባቸው ቁመት ሚሊሜትሮች ይበላለጣል። ስፌቱን ከወገብ ጀምሮ ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ልዩነቱን ሁሉ ጫፉ ላይ ያከማቸዋል፣ አልማዞቹም እዚያ ይሰበራሉ። ይህ ቀሚስ የተሰፋው ከታች ወደ ላይ ነው። ቅርፅ ከቅርፅ በእጅ ተያይዞ፣ የረዘመው ቁራጭ በጥቂቱ ሰብሰብ እየተደረገ፣ የተረፈው ልዩነት ወገቡ ላይ ካሉት እጥፋቶች ውስጥ ገብቷል። ገልብጬ ሳያቸው እጥፋቶቹ እኩል አይደሉም። ከፊት ማንም አያውቅባቸውም።

ከአንገት ወደ ታች የወረደው ጥበብም አልተነካም፤ የደረቱ ቅርፅ የወጣው ከብብት ሥር ባለው ስፌት ነው። ማጉ በእጅ የተፈተለ ለስላሳ ክር ስለሆነ የተቆረጠ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል። ብዙዎች ኦቨርሎክ አድርገው ያልፉታል፤ እዚህ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሁለቴ ተሰፍቷል፣ ገላ የሚኮረኩር ነገር የለም።

የመግጠም ፈተናው ጥበብ ላይ ብቻ አይደለም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው የልብስ ብራንድ ለምለም በሰፊው የሚታወቀው በባለቀለም ጭረቱ ነው። ጭረት ቀላል ይመስላል፤ ጎን ለጎን ሲገጠም ግን በትንሹም ቢዛነፍ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ የሚደበቅበት ጌጥ የለውም። በፋብሪካ ታትሞ የሚገባው ጥለት ቀለሙን አሳምሮ ይቀዳል፣ ይህን አልክድም። ግን በጥቅል መጥቶ መቀሱ በደረሰበት ይቆረጣልና፣ ጎኑ ላይ የአልማዙ ሩብ ከሌላ አልማዝ ወገብ ጋር ሲጋጭ ታገኙታላችሁ።

በሰርጉ ቀሚስ አንድ ነገር አልወደድኩም፤ የጀርባው ዚፕ። ሳሳ ያለው ሸማ አልተሸከመውም፣ ወገቡ አካባቢ ተጨማድዷል። ከሥሩ ቀጭን ገበር ቢገባበት ኖሮ ቀጥ ይል ነበር። ዚፑን የተከለውና አልማዙን የገጠመው አንድ ሰው መሆኑን እጠራጠራለሁ።