ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንዴት ያበቃል?

ባዮኬሚስትሪ ስናስተምር ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንዴት እንደሚመረት በዝርዝር እናስረዳለን፦ አድሬናሊን ከጉበት ሴል ተቀባይ ጋር ይያያዛል፣ ኤቲፒ ወደ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይለወጣል፣ ግላይኮጅን ወደ ግሉኮስ መፍረስ ይጀምራል። የሳይክሊክ ኤኤምፒ መጨረሻ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔ ግን ይህ ሞለኪውል መልእክተኛ የሆነው ሴሉ በፈለገው ሰዓት ሊያጠፋው ስለሚችል ነው ባይ ነኝ። ቅርጹን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ፎስፈረስ የራይቦስን ሦስተኛና አምስተኛ ካርቦኖች በኦክስጅን በኩል አገናኝቶ ባለ ስድስት አተም ቀለበት ይሠራል። ፎስፎዳይኤስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም ውኃ አስገብቶ በሦስተኛው ካርቦን በኩል ያለውን ትስስር ሲቆርጠው ቀለበቱ ይከፈትና ተራ ኤኤምፒ ይሆናል። የሞለኪውሉ ክብደት ከ329 ወደ 347 ያድጋል፤ የጨመረው 18 ብቻ፣ ያውም የአንድ ውኃ ክብደት ነው። ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ ግን ቀለበቱ ሲደርሰው ይነቃል፤ ለተከፈተው ደንታም የለው።

«ቀለበቱ በራሱ ጊዜ መፍረሱ ይቀራል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ገና ሲገኝ የታወቀ ነው። ኤርል ሰዘርላንድና ቴዎዶር ራል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክሊቭላንድ ውስጥ የተፈጨ ጉበት ላይ ሲመራመሩ፣ ሆርሞን የነካው የሴል ስብርባሪ ማፍላት እንኳ የማያጠፋው አንድ ነገር አመነጨ። ያንን ነገር ሆርሞን ወዳልነካው ፈሳሽ ሲጨምሩት ግላይኮጅንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ነቃ። እሳት ያልበገረውን ይህን ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሴሉ የሚያስወግደው ለዚሁ ባዘጋጀው ኢንዛይም ነው፤ ሰዘርላንድ በ1971 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራም ከዚህ ይጀምራል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከኮሌራ ይመጣል። የኮሌራ መርዝ ፎስፎዳይኤስተሬዝን አይነካም፤ ሆኖም በአንጀት ሴል ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ ክሎራይድ ይወጣል፣ ውኃም ተከትሎት ይፈስሳል። ታዲያ ወሳኙ ምርቱ አይደለም ወይ? መርዙ የሚሠራውን ልብ እንበል፦ ምርቱን የሚያስጀምረው ጂ ፕሮቲን ጂቲፒን ሰብሮ ራሱን እንዳያጠፋ ያግደዋል። የተበላሸው ማስጀመሪያው ሳይሆን ማቆሚያው ነው። በሽተኛው ላይ የምናየው ድርቀት ማብቂያ ያጣ ትእዛዝ ውጤት ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ሰሌዳ ላይ ቀለበቱን ስትስሉ የሚቆረጠውን ትስስርና የሚገባውን ውኃ አብራችሁ ሳሉ፤ በፈተናችሁም መልእክቱ እንዴት እንደሚያበቃ ጠይቁ።