የኢፕር ጥሩምባ

በቤልጂየሟ ኢፕር ከተማ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሙታን መታሰቢያ በሆነው ሜኒን በር ሥር፣ ማታ ማታ ልክ 2 ሰዓት ላይ መንገዱ ይዘጋና ጥሩምባ ይነፋል። ነፊዎቹ የከተማዋ እሳት አደጋ ተከላካዮች ናቸው፤ የጦርነቱን ሐዘን የከተማው ሰው እንደ ራሱ ለቅሶ መያዙ እጅግ ይማርከኛል። ልማዱ በ1928 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከተማዋን ሲይዙ እዚያ ተቋረጠ፤ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1944 የፖላንድ ወታደሮች ነጻ ባወጧት ዕለት ግን፣ ውጊያው ገና ሳያበቃ፣ በዚያው ምሽት ተነፋ። እንዴት ያለ ጽናት ነው!

በበሩ ግድግዳ ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጿል፤ ከሕንድ የመጡም አሉበት። አስከሬን አልቅሶ ላልቀበረ ቤተሰብ ስሙን በጣት መዳሰስ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬም የአንዱ ዐፅም ተገኝቶ ማንነቱ ከተረጋገጠ፣ በወታደራዊ ክብር በገዛ ስሙ ይቀበራል።