የኋላ እግር አንጓዎች

ከብቱ ቆላ ዝንብ በምታዛምተው የገንዲ በሽታ የከሳበት የወላይታ ቆላ ገበሬ፣ የነከሰችው ዝንብ ከየትኛው ዝርያ እንደሆነች ደንታ የለውም። ላቦራቶሪ የተቀመጠው ዝርያ ለዪ ግን አለው።

በኢትዮጵያ የሚታወቁት የቆላ ዝንብ ዝርያዎች 5 ናቸው። በዚህ አካባቢ ዓይን የሚፈትኑት በተለይ ሁለቱ፣ ግሎሲና ፓሊዲፔስና ግሎሲና ፉስሲፔስ ናቸው። በአባያ ሐይቅ በኩል ባለው የሁምቦ ቆላ የሚጠበቀው ፓሊዲፔስ ነው፤ በኦሞ ሸለቆ በኩል ግን ሁለቱም አሉ።

ሰማያዊና ጥቁሩ የጨርቅ ወጥመድ መርጦ አይዝም። ስቶሞክሲስ የተባለችው ነካሽ ዝንብም ትገባለች፤ መውጊያዋ ወደ ፊት የተዘረጋ ስለሆነ ጀማሪን ታሳስታለች። እሷን መለየት ቀላል ነው። ቆላ ዝንብ ስታርፍ ክንፎቿ አንዱ በሌላው ላይ ሙሉ በሙሉ ይደረባሉ፤ በክንፏም መሃል የመጥረቢያ ስለት የመሰለ የተዘጋ ክፍል አለ።

ፈተናው ከዚህ በኋላ ነው። በቀለም መተማመን አይቻልም፦ ደም የጠገበች ዝንብ ሆዷ ይጠቁራል፣ ወጥመድ ውስጥ ውላ ፀሐይ ያደረቀቻት ደግሞ ሌላ መልክ ታወጣለች። ስለዚህ ለዪው የኋላ እግሯን በወረንጦ ይዞ በአጉሊ መነጽሩ ሥር ወደ ብርሃን ያዞረዋል። የእግሩ ጫፍ 5 ትናንሽ አንጓዎች አሉት። ከላይ ሲታዩ የመጨረሻዎቹ 2 ብቻ ከጠቆሩ ወደ ፓሊዲፔስ ያመራል፤ አምስቱም ከጠቆሩ ወደ ፉስሲፔስ። በምዕራብ ኢትዮጵያ የምትገኘው ግሎሲና ሞርሲታንስም የኋላ እግሯ እንደ ፓሊዲፔስ ስለሆነ የፊትና የመሃል እግሮችም ይታያሉ፤ የሞርሲታንስ ጫፋቸው ጥቁር ነው፣ የፓሊዲፔስ ግን ፈዛዛ። ጥርጣሬው ካልለቀቀና ዝንቡ ወንድ ከሆነ፣ በሆዱ ጫፍ የታጠፈውን የመራቢያ አካል ከፍቶ ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ለአንጓ ቀለም? አዎ። ፓሊዲፔስ በአሴቶንና በላም ሽንት ሽታ ትሳባለች፣ ከወንዝ ርቃም ቁጥቋጦ ውስጥ ትዘዋወራለች፤ ፉስሲፔስ ሽታው ብዙም አይስባትም፣ ከወንዝ ዳር ጥላም እምብዛም አትርቅም። ስለዚህ የወጥመዱ ቦታም ማባበያውም ይለያያል። የመከነ ወንድ ዝንብ በመልቀቅ ዘዴ ደግሞ ስህተቱ የከፋ ነው፤ የአንዱ ዝርያ ወንድ ለሌላው ሴት አይጠቅምም። በዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሳካው አንድ ዝርያ፣ ግሎሲና ኦስተኒ ብቻ በነበረበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የተጀመረው የኢትዮጵያ የቆላ ዝንብ ማጥፊያ ፕሮጀክት ቃሊቲ ላይ ዝንብ ማርባት ሲገባ፣ የትኛዋን እንደሚያረባ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ጉዳዩ የከብት ብቻም አይደለም። ከኦሞ ማዶ በዳውሮ ዞን፣ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በሰው ላይ ቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ታይቷል።

በሙያው ትልቁ ጠላት ግን የዝንቦቹ መመሳሰል አይመስልም፤ የቦታ ስም ነው። ብልቃጡ ላይ «አበላ» የሚል የአባያ አካባቢ ስም ያነበበ ለዪ እግሩን ሳያይ «ፓሊዲፔስ» ብሎ ይጽፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ስለሚሆን ልማዱ ይጸናል። ጠንቃቃው ለዪ መጀመሪያ እግሩን ያያል፣ ይመዘግባል፣ ከዚያ ነው ብልቃጡን ገልብጦ የቦታውን ስም የሚያነበው። እግሯ የተቆረጠች፣ ሌላ ምልክትም የጠፋባት ዝንብ ከሆነች መዝገቡ ላይ የምትገባው «ግሎሲና» ተብላ ብቻ ነው፤ የዝርያው ዓምድ ባዶ ይቀራል።