ከጽዋ ወደ ጽዋ

በታሮት ካርታ 14ኛው ሥዕል ላይ ቀይ ክንፍ ያለው መልአክ ቆሟል። አንድ እግሩን ኩሬ ውስጥ ነክሮ ሌላውን የብስ ላይ አሳርፏል፤ ሁለት የወርቅ ጽዋ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል። ልከኝነት የሚባለው ካርታ ይህ ነው፤ ስለ ውስጥ ሚዛን ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው። ከአገሬ ሰው ፊት ሳስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዑራኤል ነው እንዴ?»

ጥያቄው ደስ ይለኛል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጽዋ የያዘውን መልአክ የማያውቅ የለም፤ የክርስቶስን ደም ተቀብሎ በዓለም ላይ የረጨው፣ ዕዝራን የጥበብ ጽዋ ያጠጣው ዑራኤል ነው። የካርታው መልአክ ሌላ ነው፤ የተሣለውም በሌላ አሳብ ነው። ነገር ግን ሰውየው የራሱን መልአክ ይዞ ወደ ሥዕሉ ከገባ እኔ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ጽዋ ባዶ ዕቃ እንዳልሆነ፣ የሚቀዳውም ነገር ተራ እንዳልሆነ አስቀድሞ ያውቃል።

የምሠራው ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ነዋሪዎቹ አሌክስ በሚሉት በአሌክሳንድራ ነው። ሰፈሩ በ1912 ተቆረቆረ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1913ቱ የመሬት ሕግ በፊት ስለሆነ ጥቁሮች ቦታ ገዝተው በስማቸው መያዝ የቻሉበት ብርቅ ስፍራ ነበር። ማንዴላም በወጣትነቱ ወደ ከተማዋ በመጣ ጊዜ ተከራይቶ ኖሮበታል። በስተምዕራብ አውራ ጎዳናውን ሲሻገሩ የሳንድተን የመስታወት ፎቆች አሉ፤ ከአሌክስ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሥር ሆኖ ማየት ይቻላል። በየጎዳናው የእኛ ልጆች ሱቅ አለ። ብዙዎቹ ከሐድያና ከከምባታ የመጡ ናቸው፤ ዕቃቸውን መሀል ከተማ ጄፒ ከሚባለው ገበያ ይጭናሉ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው ዳቦና የስልክ ኤርታይም ይሸጣሉ። ወደ እኔ የሚመጡት በአብዛኛው ሱቅ ከዘጉ በኋላ፣ ማታ ነው።

ካርታ ማንበብ ጥንቆላ ነው የሚሉኝን አልጣላም። ቤተ ክርስቲያን ዕጣ ፈንታ ማስጠየቅን ለምን እንደከለከለች ይገባኛል። ስለዚህ ገና ሲቀመጡ እነግራቸዋለሁ፤ የሚመጣውን ቀን አላውቅም፣ መፍትሔ ቀምሜ አልሰጥም፣ ጠላትህ እገሌ ነው አልልም። ሥራዬ ሥዕል አስቀምጦ መጠየቅ ነው። ይህ ያልጣመው ሰው ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ገንዘብም አልቀበለውም።

ታሮት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ለሚላን መሳፍንት በተሠሩት ጥንታውያን ካርታዎች ላይ ልከኝነት ክንፍ የላትም፤ ከአንድ ማሰሮ ወደ ሌላው የምትቀዳ ሴት ናት። ወይንን በውኃ ማለዘብ የመጠን ምልክት ነበርና። በ1781 ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ካርታው ከግብፅ ካህናት የወረደ ነው ብሎ ጻፈ፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ዛሬም ይህን በኩራት የሚነግሩኝ አሉ፤ «ካርታው የአፍሪካ ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ሥዕሉ አሌክስ ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚናገረው እውነተኛ ነገር ስላለው የውሸት የዘር ሐረግ አያስፈልገውም።

ዛሬ በዓለም የታወቀውን መልአክ በ1909 ለንደን ውስጥ የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት፤ አሳቡን የመራት አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነበር። 78ቱን ካርታ ሁሉ በአነስተኛ ክፍያ ሣለች፤ በ1951 ስትሞት ድሃ ነበረች። ልጅነቷን በከፊል ያሳለፈችው በጃማይካ ነው። ሁለት አገር ያየች ሴት እጅ በዚህ ሥዕል ላይ ይታየኛል። በመልአኩ ደረት ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሦስት ማዕዘን፣ በግንባሩ ላይ የፀሐይ ምልክት፣ ከኩሬው ዳር ቢጫ አበባ፣ ከኩሬው ተነሥቶ ወደ ተራራ የሚሄድ ቀጭን መንገድ አኖረች። ከሁሉ በላይ የማሳየው ግን ውኃውን ነው። ወደ ታች ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ውኃ በተፈጥሮው ሊወርድ በማይችልበት ማዕዘን ወደ ጎን ተዘርግቷል። ሠዓሊዋ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የነገረችን በዚህ ነው።

ሰዎች ስለ ውስጥ ሚዛን ሲያስቡ የሚታያቸው የገበያ ሚዛን ነው፤ ሁለቱ ሳህኖች ሲተካከሉ ዕረፍት ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ። በታሮት ውስጥ ሚዛን የያዘችው ግን ሌላ ናት፤ 11ኛዋ ካርታ ፍትሕ። የእሷ ሥራ መመዘንና መፍረድ ነው። ሌላም አለ፤ ሁለት ሳንቲም በእጁ የሚያጫውት፣ ከኋላው መርከቦች በማዕበል ላይ ከፍ ዝቅ የሚሉበት ወጣት። ሁለቱ ሳንቲሞች በአንድ ቀለበት ተያይዘው ይዞራሉ እንጂ አይነካኩም። ይህን ካርታ ስስብ የሱቅ ልጆች ሳቅ ይመጣባቸዋል፤ ኪራዩን፣ የጅምላ ነጋዴውን ዕዳ፣ የወረቀት ጉዳዩን፣ ወደ ቤት የሚላከውን ብር በየተራ አየር ላይ የሚያቆዩ እነሱ ናቸውና። ያለዚህ ችሎታ እዚህ አንድ ወርም አይኖርም፤ አላጣጥለውም።

መልአኩ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ለይቶ አያቆይም፤ አንዱን ወደ ሌላው ያስገባል። ትኩስ ሻይ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እያገላበጡ ሲያቀዘቅዙ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሻይ የትኛው እንደነበር መለየት አይቻልም፤ የሚጠጣ የሆነው ግን ስለተገላበጠ ነው። እኔ ከዚህ ካርታ የተማርኩት ይኸው ነው። የስደተኛ ውስጥ የሚናጋው ሁለት ሕይወት ስላለው አይደለም፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ ሲጠብቅ ስለሚውል ነው።

አንድ የሱቅ ልጅ ለምሳሌ ላንሳ። እናቱ በስልክ ስትጠይቀው ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ጥሩ ነው» ይላታል። ሱቁ መዘረፉን፣ በባንኮኒው ሥር እንደሚያድር አልነገራትም። ለአሌክስ ጎረቤቶቹ ደግሞ ስለ እናቱ ተናግሮ አያውቅም፤ ለእነሱ ዕቃ የሚያቀብል እጅ ብቻ ነው። ልከኝነትን ባየ ጊዜ «ተረጋጋ ማለት ነው አይደል እትዬ?» አለኝ። «አይደለም» አልኩት፤ «መልአኩን እየው፣ አልተቀመጠም፣ እጁም አላረፈም። ከየትኛው ጽዋ ወደ የትኛው ነው ያልቀዳኸው?» ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ስለ እናቱ እጅ፣ ስለ እንሰት ፍቀት ያወራልኝ ጀመር፤ ያን ማታ ሌላ ካርታ አልሳብኩም። ጥሩ አንባቢ መቼ መሳብ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ነው። ጀማሪን ዝምታ ያስፈራዋል፣ ዝምታውንም በካርታ ይሞላዋል።

ስለ መልአኩ እግርም ልናገር። መጻሕፍት ውኃው ስሜት ነው፣ የብሱ ኑሮ ነው ብለው ያልፋሉ። ጆሃንስበርግ ውኃ በሚለያይበት ሸንተረር ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከሸንተረሩ በስተደቡብ የሚወርደው መጨረሻው አትላንቲክ ነው፣ በስተሰሜን የሚወርደው ደግሞ በሊምፖፖ በኩል ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ጁክስኬይ ወንዝ የሰሜኑ ወገን ነው፤ አሌክሳንድራን አቋርጦ ያልፋል። ነጭና ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ አማኞች ይጠመቁበታል፤ ከዳሩ ሴትስዌትላ የምትባለው የቆርቆሮ ቤቶች መንደር አለች፣ ዝናብ ሲበረታ ውኃ የሚገባባት። በታኅሣሥ 2022 መጀመሪያ ድንገተኛ ጎርፍ ለጸሎት ወንዙ ውስጥ የቆሙ ሰዎችን ወሰደ፤ ከአሥር በላይ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የመልአኩን እግር ሳሳይ በቀላሉ አልናገርም። «ስሜትህ ውስጥ ግባ» የሚለው ምክር በዚህ ሰፈር ሲነገር ክብደቱ ሌላ ነው። ወንዙን የሚያውቁት መጀመሪያ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ያለውን ሰማይ ያያሉ። ስለዚህ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማጠናው የብስ ላይ ያለውን እግር ነው፤ ማን አብሮህ ይበላል? ቁልፍህ ማን ጋር ነው? ማታ ማን ይደውልልሃል? ይህ ሳይኖር ወደ ጥልቁ አልመራውም።

ከጎረቤቴ፣ ሳንጎማ ከምትባል የባህል ሐኪምም ብዙ ተምሬአለሁ። እሷ አጥንት ትጥላለች፤ በሶቶና በትስዋና ቋንቋ ዲታኦላ ይሉታል። ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ ሽማግሌና ወጣት፣ አሮጊትና ልጃገረድ። አጥንት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚነበበው የትኛው ወደ የትኛው እንደዞረ፣ የትኛው በፊቱ የትኛው በጀርባው እንደወደቀ ነው። አንዱን ካርታ ከጎረቤቱ ነጥሎ የሚተረጉም ሰው ሳይ አሁን ትዕግሥት አጣለሁ። ልከኝነት 14ኛ ናት፤ ከፊቷ 13ኛው ሞት፣ ከኋላዋ 15ኛው ዲያብሎስ ነው። የሚመስለኝ ይህ አቀማመጥ ትልቁ ትምህርቷ ነው፤ መልአኩ የቆመው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በሰላም ሜዳ አይደለም።

በግንቦት 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣው ጥቃት የጀመረው እዚሁ አሌክሳንድራ ነው፤ በመላ አገሪቱ ከስልሳ በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ ሱቃቸውን መልሰው የከፈቱ አሉ፤ ዳቦ የሚሸጡትም ለዚያው ጎረቤት ነው። ዱቤ ይሰጣሉ፣ የሰፈሩ ሰው ሲሞት ለቀብሩ ያዋጣሉ፣ ዙሉኛ ይማራሉ፤ ፍርግርጉን ግን አላነሡም። ፍርግርጉ ይነሣ ብዬ አልመክርም። መልአኩም ጽዋዎቹን አልሰበረም፤ የሚቀዳው ጠርዝ ስላላቸው ነው።

ካርታው ተገልብጦ ሲወጣ መጻሕፍት «መጠን ማለፍ» ይሉታል፤ መጠጥ፣ ቁማር፣ ቁጣ። አንዳንዴ ትክክል ናቸው። እዚህ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ግን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ወገን የተቀዳ ሰው ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አገር ልኮ ለራሱ ጫማ ያልገዛ፣ ወይም አሥር ዓመት ሙሉ ወደ ቤቱ ያልደወለ። ለመጀመሪያው ሰው የምለው በዚህ ወር ከምትልከው ላይ የጫማ ዋጋ አስቀር ነው። ለሁለተኛው ስልኬን እሰጠዋለሁ፤ ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ሰው አለ፣ ከሚስቱ ወንድም መጠየቅ ያለበትም አለ። እስኪያገኘው ድረስ ካርታዬን ሰብስቤ እጠብቃለሁ።