የኒያሳላንድ አስተዳደር በ1914፤ «ኢንዲፔንደንት አፍሪካን» ስለ ተባለው መጽሐፍ የቀረበ አስተያየት

ጆርጅ ሼፐርሰንና ቶማስ ፕራይስ በ1958 «ኢንዲፔንደንት አፍሪካን» በሚል ስም ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ፣ በ1915 በኒያሳላንድ፣ ማለት በዛሬዪቱ ማላዊ፣ የተነሣውን ዐመፅና መሪውን ቄስ ጆን ቺሌምብዌን ይመረምራል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ደራስያኑ የገዥውንም የተገዢውንም ጽሑፍ ፈልገው ማቅረባቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ሚዛን ወደ ሰውዬው ስላዘነበለ፣ ጦርነቱ ሲጀመር አስተዳደሩ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ በእኛ አስተያየት የሚገባውን ክብደት አላገኘም።

የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ግዛት የጎጆ ግብር ይሰበስብ ነበር። በነጮች እርሻ ላይ የሰፈረውም ሰው «ታንጋታ» በሚባለው ልማድ የመሬቱን ኪራይ በጉልበቱ ይከፍላል። በኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲታወጅ በዚህ ሁሉ ላይ የወታደርና የተሸካሚ ምልመላ ተጨመረበት፤ በሴፕቴምበርም በካሮንጋ ከጀርመኖች ጋር በተደረገው ውጊያ የአገሩ ተወላጆች ወደቁ። እንግዲህ ሕዝቡ የሚታዘዝበት መንገድ ብዙ ነበር፤ የሚሰማበት መንገድ ግን ጠባብ ነበር። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ስለ አፍሪቃውያን ይናገር የነበረው ነጭ ሚሲዮናዊ ሲሆን፣ አፍሪቃዊ አባል የገባው በ1949 ነው።

ቺሌምብዌ በኖቬምበር 1914 «ኒያሳላንድ ታይምስ» ለተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። በሰላም ጊዜ ከጥቅሙ ያልተካፈለ ሕዝብ የራሱ ባልሆነ ጠብ ስለ ምን ይሞታል ሲል ጠየቀ። ሳንሱሩ ጋዜጣውን አገደ፤ ለጥያቄው መልስ አልተሰጠም። አገረ ገዥው ጆርጅ ስሚዝ ቺሌምብዌን ወደ ማውሪሽየስ ለማጋዝ ሲያስብ፣ በጃንዋሪ 23 ቀን 1915 ዐመፁ ቀደመው። የማጎሜሮ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ዊልያም ጀርቪስ ሊቪንግስተን ተገደለ፤ ቺሌምብዌም በፌብሩዋሪ 3 ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ደራስያኑ ለሚሲዮናዊው ለጆሴፍ ቡዝና ለአሜሪካ ጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። ቺሌምብዌ በቨርጂኒያ የተማረ ስለ ሆነ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአሜሪካ የተመለሰው በ1900 ነው፤ የትምህርቱ ታሪክ ብቻውን ዐመፁ ስለ ምን ዐሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ እንደ ተነሣ አያስረዳም። በዚያ ዘመን በደቡባዊው አፍሪቃ የነበሩ ሹማምንት ከሚሲዮን የተለዩትን የአፍሪቃውያን አብያተ ክርስቲያናት «ኢትዮጵያዊነት» እያሉ ይፈሩ ነበር። በአገራችን ስም የተጠራው ይህ ፍርሃት፣ ቅሬታን ከውጭ የመጣ በሽታ አድርጎ ለማየት ሳይመቻቸው አልቀረም።

በጦርነት ላይ ያለ መንግሥት እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሊፈቅድ አይችልም የሚል ይኖራል። እኛም ግድያውን አናጸድቅም። ሆኖም ሳንሱር ወረቀትን ያግዳል እንጂ ቅሬታን አያጠፋም፤ እንዲያውም ገዥው የሕዝቡን ልብ የሚያውቅበትን መስኮት በገዛ እጁ ይዘጋበታል።

ስለዚህ መጽሐፉን የሚያነቡ ጓደኞቻችን፣ ይልቁንም በአስተዳደር ሥራ ለመሰማራት የሚያስቡት፣ ቺሌምብዌ ማን ነበር ብለው ከጠየቁ በኋላ፣ አቤቱታው በየት በኩል ሊደርስ ይችል ነበር ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።