«በነጻ» የሚባለው ነገር ዋጋው ስንት ነው?



ውድ አንባቢያን፣ በዐረብኛ «ሑር» እና «መጃኒ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሑር ማለት ባርነት የሌለበት፣ በራሱ የሚተዳደር ማለት ሲሆን መጃኒ ደግሞ ገንዘብ የማይጠየቅበት ማለት ነው። በአማርኛችን ግን ሁለቱንም «ነጻ» በሚል አንድ ቃል እንጠራቸዋለን። «ነጻ ሰው» እንላለን፤ «በነጻ ተሰጠኝ»ም እንላለን። ይህ የቃል መደራረብ በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙም አያስቸግርም። ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ስንመጣ ግን ያታልላል። ገንዘብ ሳይከፈልበት የሚገኝ፣ ነገር ግን ተጠቃሚውን ነጻ የማያደርግ ነገር ሞልቷልና።

ብዙ ወላጆች «ለልጆቻችን ምን ብንጭንላቸው ይጠቅማል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ስም ብቻ ቆጥሮ መስጠት ቀላል ነው፤ የስም ዝርዝር ግን ቶሎ ያረጃል። መመዘኛው ይቆያል። ስለዚህ አስቀድመን ሚዛኑን እንያዝና ከዚያ አንዳንዶቹን እንመዝናለን።

በነጻ የሚገኙ ሶፍትዌሮችና ድረ ገጾች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው እንደ ወቅፍ ያለ ነው። አንድ ባለጸጋ የውኃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ለመንገደኛ ሁሉ እንደሚተወው፣ ሠሪዎቹም ሠርተው ለሰው ሁሉ ይለቁታል፤ ወጪው በመዋጮና በፈቃደኞች ጉልበት ይሸፈናል። ሁለተኛው በወጥመድ ላይ እንደተበተነ ጥሬ ነው፤ ጥሬው በነጻ ነው፣ የሚፈለገው ግን ወፊቱ ነች። ሦስተኛው የተሰረቀ ነው። ሦስቱም በስልካችን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ መልክ ይኖራቸዋል፤ ሦስቱንም «ነጻ» እንላቸዋለን።

ከሁለተኛው እንጀምር፤ ወደ ቤታችን በብዛት የገባው እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ድረ ገጽ ስለ «ሙስሊም ፕሮ» አንድ ዘገባ አወጣ። ይህ የሶላት ሰዓትና የቂብላ አቅጣጫ የሚያሳይ ፕሮግራም በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በስልኮች ላይ እንደተጫነ ተገልጿል። ዘገባው እንደሚለው የተጠቃሚዎቹ የመገኛ ቦታ መረጃ «ኤክስ ሞድ» ለተባለ መረጃ ነጋዴ ኩባንያ ይተላለፍ ነበር፤ ኤክስ ሞድ ደግሞ ከደንበኞቹ መካከል የአሜሪካ ጦር ሥራ ተቋራጮች ነበሩበት። የሙስሊም ፕሮ ባለቤቶች ለጦር ኃይል በቀጥታ አልሸጥንም ሲሉ አስተባበሉ፤ ከኤክስ ሞድ ጋር የነበራቸውን ግንኙነትም ማቋረጣቸውን አስታወቁ።

ከዚህ የምንማረው አንድን ኩባንያ መርጦ ለመውቀስ አይደለም። ሰውየው ስልኩን የከፈተው ዙህር መድረሱን ለማወቅ ነበር፤ የት መስጊድ እንደቆመ የሚናገር መዝገብ ግን ከጀርባው እየተጻፈ ነበር። እንግዲህ አንድ ነገር በነጻ ሲቀርብልን የመጀመሪያው ጥያቄ «ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?» የሚለው ይሁን። ሁለተኛው «ለሥራው የማያስፈልገውን ይጠይቃልን?» የሚለው ነው። የሶላትን ሰዓት ለማስላት የከተማው ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁም ዕለቱ ይበቃል። ስለዚህ ከተማችሁን በእጃችሁ መርጣችሁ የቦታ ፈቃዱን መከልከል ትችላላችሁ። ተስቢሕ የሚቆጥር ፕሮግራም የስልክ ቁጥሮቻችሁን መዝገብ ልይ ካለ ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሶላት ሰዓት ከተነሣ አይቀር፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስልኮች ለሱብሕ የተለያየ ሰዓት የሚናገሩበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። ፈጅር የሚሰላው ፀሐይ ከአድማስ በታች ምን ያህል ዲግሪ እንደምትገኝ በመወሰን ነው። የግብጽ ስሌት 19.5 ዲግሪ፣ የራቢጣ የሚባለው 18 ዲግሪ፣ የሰሜን አሜሪካው ኢስና ደግሞ 15 ዲግሪ ይዟል። በእኛ አገር አንድ ዲግሪ ወደ አራት ደቂቃ ይጠጋል። ስለዚህ በ19.5 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት 18 ደቂቃ ገደማ ነው። በረመዳን ስሑር ላይ ለተቀመጠ ቤተሰብ 18 ደቂቃ ቀላል ነገር አይደለም። የትኛው ስሌት እንደተመረጠ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ የመስጊዳችሁን ኢማም ጠይቃችሁ በዚያው አስተካክሉት። ይህን ምርጫ ደብቆ ሰዓቱን ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ቢያምርም አይመከርም።

አሁን ወደ ወቅፎቹ እንለፍ። ከሁሉ ትልቁ ውኪፔዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ተጀምሮ በእንግሊዝኛ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ መጣጥፎች አሉት፤ ማስታወቂያ አይለጥፍም። ጉድለቱ ከበጎነቱ የሚመነጭ ነው፤ ማንም ሊጽፍበት ስለሚችል ማንም ሊያበላሸው ይችላል። በሃይማኖትና በአገራችን ታሪክ ላይ ባሉት ገጾች ክርክሩ በተለይ ይበረታል። በመድረሳ የቀራ ሰው ግን ለዚህ የሚሆን ልማድ አለው። አንድ ሐዲስ ሲነገረን ኢስናዱን እንጠይቃለን፤ ከማን ተላለፈ፣ ያኛውስ ከማን ሰማ እንላለን። በውኪፔዲያ ላይም በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ነክታችሁ ምንጩን እዩ። ምንጭ የሌለው ነገር ሰንሰለቱ እንደተቆረጠ ወሬ ይቆጠር። ልጆቻችሁን ይህን ካስለመዳችኋቸው መጽሐፉ ራሱ ከሚሰጣቸው ዕውቀት የሚበልጥ ነገር አስተማራችኋቸው ማለት ነው።

«ኢንተርኔት ውድ ነው፣ ይቋረጣልም» ለምትሉ «ኪዊክስ» የተባለ ነጻ ሶፍትዌር አለ። ይህ ሶፍትዌር ውኪፔዲያን በሙሉ በአንድ ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ለተራ ስልክ አይሆንም፤ ሥዕል የሌለው ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ የተመረጠው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። አንድ ሰው ፈጣን መስመር ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ለጎረቤቱ ቢያካፍል ማንም አይከሰውም፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ እንዲህ ያለውን ያዘጋጀ ቤት ማንበቡን አላቆመም።

ለቁርኣን ደግሞ «ተንዚል» የተባለውን ድረ ገጽ እንመክራለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የቁርኣንን ጽሑፍ ስሕተት በሌለበት መልክ ለኮምፒዩተር ለማዘጋጀት ነው። ጽሑፉን ማንም ሊወስደው ይችላል፣ መለወጥ ግን አይፈቀድም። የሼኽ ሙሐመድ ሳዲቅና የሼኽ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የአማርኛ ትርጉምም አብሮ ይገኛል። ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ፕሮግራም ላይ አንድ ሐረካ ጎድሎ ቢገኝ ማን ይጠየቃል? እዚህ ግን የሚጠየቅና የሚያርም አለ። ሆኖም አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ስክሪን ኡስታዝ አይደለም። «ዷድ» ከየት እንደሚወጣ ልጁ ከመምህሩ አፍ ያያል፣ ይሰማል፣ ይታረማልም። ድረ ገጹ ለሙራጀዓ እንጂ ለመጀመሪያ ቂርኣት አይሆንም።

«ልጆቹስ መጫወት አይፈልጉም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በእርግጥ ይፈልጋሉ። ለትንንሾቹ «ጂኮምፕሪ» አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ «ገባኝ» ከሚለው የተወሰደ ሲሆን ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጁ ከመቶ በላይ ጨዋታዎችን ይዟል። መቁጠር፣ መደመር፣ ቅርጽ መገጣጠም፣ ቼዝ፣ የኮምፒዩተር አያያዝ ሁሉ አለበት። ማስታወቂያ የለውም፤ «ይህን ደረጃ ለማለፍ ገንዘብ ክፈል» አይልም። የበስተጀርባው ሙዚቃ የማይፈለግበት ቤት ካለ ከማስተካከያው ማጥፋት ይቻላል። ጉድለቱን ደግሞ እንናገር። የሰዓት ትምህርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚለውን ልጅ ሰባት በል ይለዋል። ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ ካላስረዳው ልጁ ይደናገራል። መልኩም በገበያ ላይ ካሉት ጨዋታዎች ጋር ሲነጻጸር ደብዘዝ ያለ ነው። እኛ ግን ይህን እንደ ነውር አንቆጥረውም። ልጁ ደስ ብሎት ይጫወትና ሲጠግብ ይነሣል፤ ወጥመዶቹ የሚሠሩት ግን ልጁ እንዳይነሣ ነው። ሦስተኛውም ጥያቄያችን ይኸው ነው፤ «ልጁ ሲጠግብ ይለቀዋልን?»

ከፍ ላሉት «ስቴላሪየም» ይሁንላቸው። በኮምፒዩተር ላይ የሰማይን ከዋክብት የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው። ልጃችሁ ኮከብ ላይ ሲጫን «አልደባራን»፣ «ሪጀል»፣ «ደነብ»፣ «አልታይር» የሚሉ ስሞች ይመጡለታል። እነዚህ በፈረንጅ አፍ የተጣመሙ የዐረብኛ ቃላት ናቸው፤ ተከታዩ፣ እግር፣ ጭራ፣ በራሪው ማለት ነው። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ ስለ ቋሚ ከዋክብት የጻፉትን መጽሐፍ አሰያየም መርጦ ማየትም ይቻላል። ለስልክ የተዘጋጀው ግን ከኮምፒዩተሩ የተለየ መሆኑንና ለተጨማሪው ክፍያ የሚጠይቅ መሆኑን ልብ በሉ።

በዚህ ሶፍትዌር አንድ ቆንጆ ሥራ ከልጆቻችሁ ጋር ልትሠሩ ትችላላችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 20 ገደማ በቀን 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ እንዲሁም ሐምሌ 9 ገደማ በ6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ፣ ፀሐይ ልክ ከካዕባ በላይ ትቆማለች። የመካና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም። ቦታውን መካ አድርጋችሁ በስክሪኑ ላይ አረጋግጡ። ከዚያ በዕለቱ ቀጥ ያለ ዘንግ መሬት ላይ ትከሉ። ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላችሁ ነው፤ ለአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በሐምሌ ደመናው ሊከለክላችሁ ስለሚችል የግንቦቱን አትለፉት። ብረት አጠገብ ሲሆን ከሚሳሳተው የስልክ ኮምፓስ ይህ ይበልጣል፤ ልጁም በስክሪኑ ያየውን በአፈር ላይ ያገኘዋል።

ለተማሪዎች «ካን አካዳሚ» የታወቀ ነው። ሰልማን ኻን የተባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ2004 የአጎታቸውን ልጅ በርቀት ሒሳብ ሲያስጠኑ የተጀመረ ሲሆን ከ2008 ወዲህ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኗል። የሒሳቡ ትምህርት ከመቁጠር እስከ ካልኩለስ ይደርሳል። ለእኛ የሚያስቸግረው ቪዲዮው ብዙ ዳታ መጨረሱ ነው። ለመድረሳና ለትምህርት ቤት «ኮሊብሪ» የተባለው ነጻ ሶፍትዌር መፍትሔ ይሆናል፤ ትምህርቶቹን አንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ካወረዳችሁ በክፍሉ ያሉት ሌሎች ያለ ኢንተርኔት ከእርሱ ይቀዳሉ።

የቀረው ሦስተኛው ዓይነት፣ የተሰረቀው ነው። ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ የሚዞረውን የቢሮ ሶፍትዌር «በነጻ ጫንኩት» የሚል ብዙ ነው። የሰው ሐቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን የሰበረው ሰው ቫይረስ አብሮ ሊልክ መቻሉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው «ሊብሬ ኦፊስ» ደብዳቤም ሠንጠረዥም ይሠራል። በሌላው የተጻፈ ሰነድ ሲከፈትበት አቀማመጡ አንዳንዴ እንደሚዛባ አንደብቅም። ለቤትና ለመድረሳ ሥራ ግን ይበቃል። «አቢሲኒካ» የተባለውን ነጻ የግዕዝ ፊደል ጨምሩበት። ለድምፅና ለቪዲዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ በተማሪዎች የተጀመረው «ቪኤልሲ» አለ፤ ያለ ማስታወቂያ ሁሉንም ያጫውታል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ እውነት ይቀራል። ከጠቀስናቸው መካከል አብዛኞቹ በአማርኛ ያላቸው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በአማርኛው ውኪፔዲያ ያሉት መጣጥፎች 15 ሺህ ገደማ ብቻ ሲሆኑ ብዙዎቹም ጥቂት መስመሮች ናቸው። ከጉድጓዱ ሁሌ የምንቀዳ፣ አንድ ባልዲ አፈር ግን ያላወጣን ሆነናል። ስለ ከተማችሁ፣ ስለ አካባቢያችሁ ዑለማ፣ ስለ ምታውቁት ሙያ ምንጩን ጠቅሶ አንድ ገጽ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰው እስካነበበው ድረስ የማይቋረጥ ሶደቃ ነው። በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ስልኩን በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትሹት፤ ወጥመዱን አውጡ፣ ወቅፉን አስገቡ፣ ከተቻለም በወቅፉ ላይ ጨምሩ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።